«ኢሬዝ» ማለት መፋቅ ነው፦ የአንድ የእንግሊዝኛ ግስ ነገር

ያገለገለ ስልክ ልትሸጡ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ አንድ የሞባይል ሱቅ ጎራ ብትሉ፣ ባለሱቁ ቶሎ የሚጠይቃችሁ «ፎርማት ተደርጓል?» ብሎ ነው። ሴቲንግ ከፍታችሁ ወደ ታች ስትወርዱ ግን የምታገኙት ቃል ፎርማት አይደለም። አንድሮይድ ከሆነ «ኢሬዝ ኦል ዳታ» ይላል። አይፎን ከሆነ «ኢሬዝ ኦል ኮንቴንት ኤንድ ሴቲንግስ» ይላል። እዚያው ስልክ ላይ ፎቶ ስታጠፉ ደግሞ ቃሉ «ዲሊት» ነው። ካሽ (መተግበሪያዎች ለጊዜው ያስቀመጡትን) ስታጸዱ «ክሊር» ይሆናል።

እኛ ሁሉንም «አጥፋው» ብለን እንገላገላለን። ለወሬ ይበቃል። ስልክ ለመሸጥ ግን አይበቃም፤ ዲሊት ያደረገ ሰው ኢሬዝ ያደረገ እየመሰለው ፎቶውን ሁሉ ለማያውቀው ሰው ያስረክባል። ተማሪዎችም በሌላ በኩል ይቸገሩበታል። መምህሩ «ኢሬዝ» ይላል፣ ዩቲዩብ ላይ ያለው አሜሪካዊ «ኢሬስ» ይላል፤ ማን ነው ትክክል?

ምን ማለት ነው?

ኢሬዝ ማለት የተጻፈን፣ የተሳለን ወይም የተቀዳን ነገር ካረፈበት ገጽ ላይ ማንሳት ነው። ጽሑፉ ይሄዳል፣ ገጹ ይቀራል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱን ቀዶ እሳት ውስጥ መጨመር ኢሬዝ አይባልም፤ ገጹም አብሮ ሄዷልና። ጠመኔ የሞላውን ሰሌዳ በዳስተር ማጥፋት ግን ኢሬዝ ነው። ደብተር ላይ የተሳሳተን ቁጥር በላጲስ ማጥፋትም እንዲሁ።

ከዚያ ወዲያ ቃሉ ወደ ማይጨበጥ ነገርም ይሻገራል። ትዝታን ከአእምሮ፣ የአንድን ሕዝብ አሻራ ከታሪክ ማጥፋት ኢሬዝ ይባላል። የእግር ኳስ ዘጋቢዎችም ይወዱታል። 2 ለ 0 ሲመራ የነበረው ቡድን እኩል ሲወጣበት፣ ልዩነቱ «ኢሬዝ ተደረገ» ይላሉ።

አማርኛ ለዚህ ሥራ ግስ አያጥረውም። «አጠፋ» ከሁሉም ሰፊው ነው፤ መብራትም ይጠፋል፣ ልጅም ከቤት ይጠፋል፣ ሰውም ጥፋት ያጠፋል። «ደመሰሰ» ጦርነት ጦርነት ይሸታል። «ሰረዘ» መስመር ማስመር ነው፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ አሁንም ይነበባል። «ደለዘ» ብቻውን ዛሬ ብዙ አይሰማም። ከሰረዘ ጋር ተጣምሮ ግን የጨረታ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር አለ፤ ስርዝ ድልዝ ወይም ፍሉድ ያለበት ሰነድ ተቀባይነት የለውም፣ ካለም ፓራፍ ይደረግበት። የቀረው «ፋቀ» ነው። የሞባይል ካርድ ይፋቃል። ጥርስ በመፋቂያ ይፋቃል። ቆዳ ይፋቃል። የእንግሊዝኛው ኢሬዝ በትውልዱ የሚዛመደው ከዚህኛው ጋር ነው።

እንዴት ይነበባል?

እንግሊዞች «ኢሬይዝ» ይሉታል፤ መጨረሻው «ዝ» ነው። አብዛኞቹ አሜሪካውያን «ኢሬይስ» ይላሉ፤ መጨረሻው «ስ» ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስለዚህ መምህሩም አልተሳሳተም፣ ዩቲዩበሩም አልተሳሳተም። አንዱን መርጦ መጽናት ይሻላል፤ ዛሬ በዝ ነገ በስ ማለት ግን ለጆሮ ይከብዳል።

ከዝ እና ስ ይልቅ የሚያሳስተን ሌላ ነው። የመጀመሪያው አናባቢ ረጅም «ኢ» አይደለም፤ በ«እ» እና በ«ኢ» መካከል ያለች አጭር ድምፅ ናት። የድምፁ ጉልበት የሚያርፈው ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው፣ «ሬይ» ላይ። ፊደሉን እያየን «ኢራስ» ወይም «ኤራሴ» ብንል ሰሚው አይገባውም። ላጲሱም በዚሁ ሥርዓት «ኢሬይዘር» ወይም «ኢሬይሰር» ይሆናል። ያለፈው ጊዜ በእንግሊዞቹ «ኢሬይዝድ»፣ በአሜሪካውያኑ «ኢሬይስት» ነው።

መነሻዋን አጭር ድምፅ አውጥታችሁ «ሬይዝ» ብቻ ብትሉ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። እንግሊዝኛ በዚህ አጠራር ሁለት ግሶች አሉት። አንዱ ማንሳት፣ ከፍ ማድረግ ነው። ሌላው ከተማን ወይም ሕንፃን ከመሬት ጋር ማስተካከል፣ ማፍረስ ነው። ሲጻፉ ይለያያሉ፣ ሲነገሩ አንድ ናቸው፣ ትርጉማቸው ተቃራኒ ነው። እንግሊዝኛ ተማሪን እንዲህ ያሾፍበታል። የሚያፈርሰው ሬይዝ የኢሬዝ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ለምን እንደሆነ ከሥሩ ይታያል።

ከየት መጣ?

ከላቲን ነው የመጣው። «ራዴሬ» በላቲን መፋቅ ወይም መላጨት ነው። ከፊቱ «ኤ» ሲጨመርበት «ኤራዴሬ» ይሆናል። «ኤ» ከአንድ ነገር ውስጥ ማውጣትን ታመለክታለች፤ ሲጣመሩ ፍቆ ማውጣት እንደ ማለት ነው። «ኤራሱስ» ደግሞ ተፍቆ የወጣው ነገር ነው። እንግሊዝኛ ቃሉን ከዚህ ወስዶ እ.ኤ.አ. 1600 ገደማ መጻፍ ጀመረ።

ከዚሁ ሥር የወጡ ቃላት ቤታችን ድረስ ገብተዋል። ጢም የሚላጭበት «ሬዘር» በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ የመጣ የራዴሬ ልጅ ነው። ወድቆ ቆዳው የተላጠ ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ ካርዱ ላይ የሚጻፍለት «አብሬዥን» ከዚሁ ሥር ነው። ከተማ ማፍረሱም ገባን፤ ከመሬት ላይ ፍቆ ማንሳት ነው።

ሮማውያን ምን ይፍቁ ነበር? የዘወትር ማስታወሻቸው ሰም የተቀባ የእንጨት ሰሌዳ ነበር። መጻፊያው ጫፉ የሾለ ዘንግ ነው፤ ሰሙን እየጫረ ይጽፋል። የዘንጉ ሌላኛው ጫፍ ጠፍጣፋ ነው። ሲሳሳቱ ዘንጉን ይገለብጡና በጠፍጣፋው ሰሙን ያስተካክሉታል። ዛሬ ትምህርት ቤት የምናየው በአናቱ ላጲስ የተሰካበት እርሳስ ሐሳቡ ከዚያ ብዙ አልራቀም። ፈላስፎች አእምሮ ገና ምንም ያልተጻፈበት ነው ለማለት የሚጠሩት «ታቡላ ራሳ»ም ትርጉሙ የተፋቀ ሰሌዳ ነው።

ብራና ሲፋቅ ምን ይመስላል?

ለብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ኢሬዝ ውስጥ ያለው ስለት ከተረሳ ቆይቷል። ጎጃም ውስጥ ግን ነገሩ አሁንም በእጅ የሚሠራ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም ያሉት የብራና መጻሕፍት ሁሉ በመፋቅ የተጀመሩ ናቸው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይነከራል። በእንጨት ላይ ይወጠራል። የሥጋው ወገን ስቡና ሥጋው፣ የውጭው ወገን ጠጉሩ እስኪለቅ በስለት ይፋቃል። ከደረቀ በኋላ ገጹ እየታሸ ይለሰልሳል። መስመሩም ቀለም የለውም፤ በወስፌ ተጭኖ የሚሰመር ጭረት ነው። አሮጌ ብራና ጋደም ባለ ብርሃን ብታዩ ፊደሎቹ ከዚያ ጭረት ጋር ተጠግተው በሰልፍ ቆመዋል።

ቀለሙ ደግሞ ለመፋቅ ይመቻል። የአገራችን ጥቁር ቀለም ዋና ነገሩ ጥቀርሻ ነው፤ ጥቀርሻ ካርቦን ነው። ካርቦን ከቆዳው ጋር አይዋሐድም፤ ላዩ ላይ ደርቆ ይቀመጣል። አውሮፓውያን ለብዙ ዘመን የጻፉበት ቀለም ከዛፍ እባጭና ከብረት ጨው የሚሠራ ነበር፤ እሱ ወደ ቆዳው ውስጥ ይነክሳል። ስለዚህ የእነሱን ለመፋቅ ከቆዳውም ጭምር መላጥ ያስፈልጋል።

ፊደል የተሳሳተ ጸሐፊ ወዲያው አይነካውም። እርጥብ ቀለም ከነኩት ይለቀለቃል፣ ስህተቱም ያድጋል። እስኪደርቅ ይጠብቃል። ከዚያ ስለቱን ጋደም አድርጎ፣ ሳይጫን፣ በአንድ አቅጣጫ ይፍቃል። ቀለሙ ደቆ ይነሳል፤ እፍ ብሎ ያራግፈዋል። የተፋቀው ቦታ ግን ሻካራ ይሆናል። እዚያው ላይ ቢጽፍ ቀለሙ ይፈስና ፊደሉ ጠርዙ ይጠፋል። ስለዚህ ቦታውን አሽቶ ካለሰለሰ በኋላ ነው ትክክለኛውን ፊደል የሚያሳርፈው። አንድ ቦታ ደጋግሞ ከተፋቀ ብራናው ይሳሳል፣ ሲብስም ይበሳል።

ሁሉም ስህተት አይፋቅም። ግድፈት ከሆነ የቀረው ቃል በመስመሮቹ መሐል ወይም በኅዳጉ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት ይገባል። ትርፍ ቃል ከሆነ ደግሞ ከላይና ከታች ጭረት ተደርጎበት «ይህን አታንብቡት» የሚባልበት መንገድ አለ። ያ ስረዛ ነው እንጂ ፍቀት አይደለም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የስሞች ነገር ነው። መጽሐፉን ያጻፈው ሰው የክርስትና ስም በጸሎቱ መሐል ይገባል፤ «ለገብርከ» ተብሎ፣ ብዙ ጊዜ በቀይ ቀለም። መጽሐፉ በሽያጭ ወይም በውርስ እጅ ሲቀይር አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም አስፍቆ የራሱን ያስገባል። በኢትዮጵያ ብራናዎች ይህ የተለመደ ነው። አዲሱ ስም ከቦታው ይረዝማል ወይም ያጥራል፣ የእጅ ጽሕፈቱም ይለያል። ቅጠሉ ከብርሃን ፊት ሲያዝ ያ ቦታ ብቻ ሳስቶ ይታያል። አንዳንዴም የድሮው ስም አንድ ቦታ ላይ ሳይፋቅ ተረስቶ ይገኛል፤ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ባለቤት የምናውቀው በዚያች ዝንጋታ ነው።

የተፋቀ ጽሑፍ ተመልሶ ይነበባል?

አንዳንዴ ይነበባል። ታዋቂው ምሳሌ የአርኪሜዲስ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ሥራዎች በ10ኛው ክፍለ ዘመን በብራና ተገልብጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1229 ሌላ ጸሐፊ ብራና ሲቸግረው ጽሑፉን ፋቀው። ቅጠሉን ለሁለት አጠፈና አዙሮ የጸሎት መጽሐፍ ጻፈበት። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1998 በጨረታ በ2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ከዚያም ተመራማሪዎች በልዩ ልዩ የብርሃን ዓይነትና በኤክስሬይ እያነሱ ከጸሎቱ ሥር ያለውን የአርኪሜዲስን ጽሑፍ አነበቡ። ዓይን ያላየውን የቀለም ርዝራዥ መሣሪያው አየው።

ላጲስስ?

ላጲስ ከምንገምተው በላይ ወጣት ነው። አውሮፓውያን የእርሳስ ጽሑፍ ያጠፉ የነበረው በዳቦ ፍርፋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ኬሚስቱ ጆሴፍ ፕሪስትሊ የእርሳስን ጽሑፍ ጥርግ አድርጎ የሚያጠፋ ነገር አየሁ ብሎ ጻፈ፤ ያ ነገር ጎማ ነበር። እንግሊዞች ላጲስን እስከ ዛሬ «ራበር» የሚሉት ከዚያ ነው። (አሜሪካ ሄዳችሁ «ራበር አውሰኝ» ካላችሁ የተጠየቀው ሰው ይደነግጣል። እዚያ ቃሉ ኮንዶም ነው።)

የእርሳስ ጽሑፍ በጎማ የሚነሳው ግራፋይት ስለሆነ ነው። የወረቀቱን ላይ ይዞ ይቀመጣል እንጂ አይሰርግም። ጎማው ሲታሽ ግራፋይቱ ከወረቀቱ ይልቅ ጎማው ላይ ይጣበቃል፤ የተጣበቀበት ጎማ ደግሞ እየተፈረፈረ ይወድቃል። እስክሪብቶ ወደ ወረቀቱ ስለሚሰርግ ላጲስ አይበግረውም። በምራቅ ሞክሮ ደብተር ያልበሳ ተማሪ ካለ ይንገረኝ። በነገራችን ላይ እኛ ላጲስ የምንለውን የሚመስለው የጣልያንኛ «ላፒስ» የሚጠፋውን ነው የሚጠራው፤ እርሳሱን።

ዲሊትና ካንስልስ የማን ልጆች ናቸው?

ዲሊትም ላቲን ነው፤ «ዴሌሬ» ማውደም፣ ፈጽሞ ማጥፋት ነው። ሮማውያን ካርቴጅ ትውደም እያሉ ሲዝቱ የተጠቀሙበት ግስ ይኸው ነው፤ ከተማዋም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 ወደመች። በአጠራር «ዲሌት» ወይም «ዴሌት» ስንል እንሰማለን፤ ትክክሉ «ዲሊት» ነው፣ ጉልበቱ «ሊት» ላይ ሲሆን።

ካንስል ፍርግርግ ነው። ላቲኑ «ካንቼሊ» ፍርግርግ ማለት ነው፤ የተሰረዘ ጽሑፍ ላይ የሚሰመሩት የተጠላለፉ መስመሮች ፍርግርግ ስለሚመስሉ ስሙ ወጣለት። የእኛ «ስርዝ» ከእሱ ጋር ይግባባል። የፍርድ ቤት ዜና ላይ የሚሰማው «ኤክስፐንጅ» ከመውጋት የመጣ ነው፤ ከመዝገብ የሚወጣን ስም በነጥብ ምልክት ማድረግ ነበርና።

ስልኬ ላይ ምን ይፋቃል?

ኢሬዝ ከስለት የተለያየው በቴፕ ነው። የካሴት ዘመን ሰዎች ያስታውሳሉ። ቴፕ ሪከርደር ውስጥ ከሚቀዳው ሄድ (ክሩን የሚነካው ክፍል) በፊት የቆመ ሌላ ሄድ አለ፤ ሥራው የድሮውን ድምፅ ማጥፋት ነው። ሬኮርድ ስትጫኑ ክሩ መጀመሪያ በእሱ ሥር ያልፋል፤ ከዚያ አዲሱ ይቀዳል። የሚፋቅ ነገር የለም፤ ክሩ ላይ ያለው የብረት ብናኝ ማግኔታዊ አሰላለፉ ይበተናል። የአዝማሪ ካሴቱ በስህተት እንዳይጠፋበት የፈለገ ሰው የካሴቷን ጆሮ ይሰብር ነበር፤ ቀዳዳው ሲከፈት ሬኮርዱ አይጫንም። ሐሳቡን ሲቀይር ቀዳዳውን በፕላስተር ይደፍናል።

ከቴፕ ቃሉ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ስልክ ተሻገረ። እዚህ ላይ ነው ዲሊትና ኢሬዝ የሚለያዩት።

እድር አስቡ። አንድ ሰው ከእድር መዝገብ ስሙ ቢሰረዝ ሰውየው ከሰፈር አልጠፋም፤ ቤቱ ውስጥ ነው። ዲሊት ይህን ይመስላል። ስልኩ ፎቶው የት እንዳለ የሚያሳየውን መዝገብ ያነሳል፣ ቦታውም ለሌላ ነገር ክፍት ነው ይላል። ፎቶው ራሱ ሌላ ነገር እስኪተካው ድረስ ሊቆይ ይችላል። ለዚያም ከመድረሱ በፊት ቅርጫት አለ። አይፎን ያጠፋችሁትን ፎቶ 30 ቀን ገደማ ያቆየዋል። ጉግል ፎቶስ ባካፕ የተደረገውን 60 ቀን ያቆያል። ስለዚህ ጋለሪ ውስጥ አንድ በአንድ ዲሊት ብሎ ስልክ መሸጥ ዋስትና አይሆንም።

ኢሬዝ ኦል ዳታ ሌላ መንገድ ይሄዳል። ዘመናዊ ስልክ የውስጥ ማከማቻውን በምስጢር ቁልፍ ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው። ከአንድሮይድ 10 ጋር ተመርተው የወጡ ስልኮች ይህን የማድረግ ግዴታ አለባቸው፤ አይፎንም ከዚያ በፊት ጀምሮ ያደርገዋል። ኢሬዝ ስትሉ ስልኩ ቁልፉን ያጠፋል። ዳታው ቢቀር እንኳ ማንም ሊያነበው የማይችል ዝብርቅርቅ ነው። ሥራው በሰዓታት ሳይሆን በደቂቃዎች የሚያልቀው ለዚህ ነው። በአሮጌና በርካሽ አንድሮይድ ላይ ግን ቁልፉ ላይኖር ይችላል፤ መጀመሪያ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ገብቶ «ኢንክሪፕት» ማድረግ፣ ከዚያ ኢሬዝ ማለት ይሻላል።

ስትሸጡ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የሚያስፈልጋችሁን ባካፕ አድርጉ። ቀጥሎ ከጉግል ወይም ከአፕል አካውንታችሁ ውጡ። ይህን ሳታደርጉ ኢሬዝ ካላችሁ ስልኩ ሲነሳ የእናንተን አካውንት ሊጠይቅ ይችላል፤ ገዢው ከዳንግላም ይሁን ከሞጣ እየደወለ ፓስወርድ ይለምናችኋል። ከዚያ በኋላ ኢሬዝ ኦል ዳታ በሉ። የቴሌግራም መልእክት በአብዛኛው የሚኖረው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሆነ ስልኩን ኢሬዝ ማድረግ አያጠፋውም። በአዲሱ ስልካችሁ «ዲቫይስስ» ውስጥ ገብታችሁ የድሮው ስልክ ተዘርዝሮ ከቆየ አስወጡት። ሲም ካርዱንና ሜሞሪ ካርዱን አውጡ። በተለይ ሜሞሪ ካርዱ፦ ኢሬዝ ኦል ዳታ የስልኩን የውስጥ ማከማቻ እንጂ ካርዱን ብዙ ጊዜ አይነካም፣ አብዛኛው ካርድም ቁልፍ የለውም። ከስልኩ ጋር አብሮ አይሸጥ።